ጾመኝ

እናቴ ያን ጋሌጣ፣ ያን የወታደር ደረቅ ብስኩት፣ ከእህቴ እጅ ወስዳ ለጣሊያኑ የመለሰችው ለምን ነበር?

ፈርታ ነው እንዳልል፣ ለፈራ ሰው የሚበጀው ዝም ብሎ ማለፍ ነበር። ጾሙን አምናበት ነው እንዳልል፣ ያን ዓመት ከጾምናቸው ጾሞች አንዳንዱን ራሷ ነበረች የፈጠረችው። ንቃው ነው እንዳልል ደግሞ፣ ንቀት የጠገበ ሰው ሀብት ነው፤ የእኛ ቤት ከጠገበ ቆይቶ ነበር። ይህን ጥያቄ ይዤ አርጅቻለሁ። መልሱን አላውቅም።

አላውቅም ማለት በሰፈራችን ሽማግሌዎች ዘንድ የተለመደ አይደለም። በጣሊያን ጊዜ ጉለሌ እንዴት ነበር ብላችሁ ጠይቋቸው፤ የማያውቅ የለም። መንገድ ሠርቶልናል ይላሉ። ፓስታ አስለምዶናል ይላሉ። አንዱማ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ሰው፣ «ምንም ቢሆን ሥርዓት ነበረ» ብሎኛል። ሥርዓቱን አይቼዋለሁ። ከኬላው አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጎልማሳው ሁሉ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይቆማል። ከሩቅ ሲያዩት ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ዶሮ የሚዳብስ ሕዝብ ይመስል ነበር። ሥርዓት የሚሉት እሱን ከሆነ፣ አዎ፣ ነበረ።

ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ወንዙ አጠገብ ነበር። አባቴ ከተማው በተቃጠለበት በየካቲት ወር፣ አንድ ቀን ጠዋት ወጥቶ አልተመለሰም። ሞቷል ያለን የለም፤ ታስሯል ያለንም የለም። ቤት ውስጥ የቀረነው እናቴ፣ ጥርሴን በመቀየር ላይ የነበርኩት እኔና ገና አፏን የፈታች ታናሽ እህቴ ነን። እናቴ ጥጥ ትፈትል ነበር። ፈትሏን የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይወስዱና እህል ይሰጧታል። ጥጥ ከገጠር መምጣቱን ሲያቆም ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ እናቴም እንዝርቷን ግድግዳው ላይ ሻጠችው። እህል ከእንጦጦ ማዶ፣ ከሱሉልታ በኩል ነበር የሚመጣልን። ተራራው ላይ አርበኛ አለ ተብሎ መንገዱ ተዘጋ። እንጨት መልቀም እንኳ ተከለከለ። ጣሊያን ሽፍታ እያለ የሚፈራቸውን ሰዎች አስርባለሁ ብሎ እኛን አስራበን። እነሱ ተራራው ላይ ምን ይበሉ እንደነበር አላውቅም፤ እኛ ግን ሳማ እንበላ ነበር። ከአጥር ሥር እየቀጠፍን፣ ጣታችን እየተለበለበ።

ዱቄት ነበር። እሱን አልክድም። ቅዳሜ ሜዳ ወጥቶ እጁን ላነሳ ሰው ሲመለስ ዱቄት ይሰፈርለታል። ከዱቄቱ በፊት ግን ንግግር አለ። የኬላው ሹም ሣጥን ላይ ይወጣና እንደ ክረምት ወንዝ ይፈስሳል። አጠገቡ አስተርጓሚው ይቆማል።

አስተርጓሚው የሰፈራችን ሰው ነበር። ቀድሞ የዜማ ተማሪ ነበር፤ ትምህርቱን መዝለቅ አቅቶት ማኅሌት ዳር ዳር ሲል የኖረ። ጣሊያን ሲገባ ከሁሉም ቀድሞ ባርኔጣ አደረገ። ባርኔጣው ሰፊ ስለነበረ ጆሮው ባይዘው ኖሮ አፍንጫው ላይ ይወርድ ነበር። የሚያውቀው ጣሊያንኛ «ሲ ሲኞሬ»፣ «ሱቢቶ»፣ «ቤኔ» ነው፤ አዎን ጌታዬ፣ አሁኑኑ፣ መልካም። ሹሙ ብዙ ተናግሮ ዝም ሲል አስተርጓሚው ጉሮሮውን ይጠርግና፣

«ታመኑ ነው የሚለው» ይላል።

ሹሙ እንደገና ይቀጥላል። እጁን ያወናጭፋል፣ ደረቱን ይመታል፣ ወደ ሰማይ ያሳያል። ሕዝቡ ወደ አስተርጓሚው ይዞራል።

«አሁንም ታመኑ ነው።»

ይህን ጎረቤታችን መጥታ ስታወራ እናቴ ስትስቅ ሰምቻለሁ። ያን ዓመት ከሰማኋቸው ጥቂት ሳቆች አንዱ ነው። እናቴ ሜዳ ወጥታ አታውቅም። አንድ ቀን አስተርጓሚው ራሱ ደጃችን መጥቶ ቆመ።

«ለምንድነው ቅዳሜ የማትወጪው?» አላት።

«ሱባኤ ላይ ነኝ ጌታዬ።»

«ሱባኤ እጅ ማንሳት ይከለክላል እንዴ?»

«እጄን ለጸሎት አንስቻለሁ። አንድ እጅ ሁለት ቦታ አይነሳም።»

«ዱቄቱ ይቀርብሻል፣ አንቺ ሴትዮ።»

«ይቅር። ጾም ነን።»

«እንዴ፣ ዱቄት ፍስክ ሆነ?»

«እኛ ቤት ሆኗል» አለችው፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።

ደንቡን ያውቃል። ዱቄት ጾም እንደማያስፈታ የሚያውቅ የዜማ ተማሪ ነበር። ግን ሱባኤ የሚለውን ቃል ፈራው። ቤተ ክርስቲያንን ትቶ የወጣ ሰው ውስጧ ከቀረው ሰው አብልጦ እንደሚፈራት ያኔ ነው ያየሁት። ባርኔጣውን አስተካክሎ ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ «ጾም ነን» የቤታችን መልስ ሆነ። መጀመሪያ ነገሩ እውነት ነበር፤ የሐዋርያት ጾም ገብቶ ነበር። እሱ ሲያልቅ ትንሽ ቆይቶ ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ በነሐሴ አጋማሽ ሲፈታ ሰው ሁሉ ባይኖረውም እንኳ ለወጉ አፉን አሟሸ፤ እኛ አሟሽተን የምንውጠው አልነበረንም። እናቴ፣ «አሁን ደግሞ የአባታችሁ ጾም ነው» አለችን። ጳጉሜ ስትገባ የዮዲት ጾም ነው አለች። እንቁጣጣሽ አልፎ፣ መስቀል አልፎ፣ የጽጌ ጾም እስኪገባ ድረስ ባለው ጊዜ ስም እንኳ አላወጣችለትም፤ «ጾም ነው» ብቻ ነበር። ኋላ፣ ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ፣ እነዚህን አንድ በአንድ ከመጽሐፍ ጋር አስተያይቻለሁ። ነገር ሳላስተያይ መተው አልችልም፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው እንዲህ ነው። ጽጌ በመስከረም መጨረሻ ይገባል፣ ኅዳር ላይ በቁስቋም ዋዜማ ያበቃል፤ እሱም የፈቃድ ጾም ነው፣ ግዴታ የለበትም። «የአባታችሁ ጾም» በአንድም መጽሐፍ የለም። ሕፃንም አይጾምም። እህቴ በየትኛውም ሕግ ጾመኛ አልነበረችም።

እህቴ ግን አፏን የፈታችው በዚያ ወቅት ነው። ሆዷን ይዛ ስታለቅስ የምትሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ዝም በይ እናቴ፣ ጾም ነው።» በእኛ ቤት ራበኝ የሚል ሰው አልነበረም። እናቴ ቃሉን ከአፏ አውጥታው አታውቅም፤ እኔም እሷን አይቼ ተውኩት። ስለዚህ እህቴ ሆድ ውስጥ ለሚያቃጥለው ነገር የራሷን ቃል ሠራች። በረደኝ፣ ጠማኝ፣ አመመኝ እንደሚባለው ሁሉ፣

«እማዬ፣ ጾመኝ» ትላለች።

«እማዬ፣ በጣም ጾመኝ።»

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ልጅ ወልጄ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ስገባ፣ የሰዋስው አስተማሪያችን እንደ ራበኝ ያሉ ግሦችን ጻፉ ሲለን ይህን ቃል ሳላስበው ከሌሎቹ ጋር ጻፍኩት። በቀይ ሰረዘው። «ጾም ሰው የሚያደርገው ነው እንጂ በሰው ላይ የሚመጣ አይደለም» አለኝ። ጥሩ አስተማሪ ነበር። ደንቡን አልተከራከርኩትም።

ጎረቤታችን ሜዳ ትወጣ ነበር። እጇን ታነሳለች፣ ዱቄቷን ትቀበላለች፣ ቤቷ ተመልሳ እጇን ትታጠባለች። መታጠቧን ለሁሉ ትናገራለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ትኩስ ዳቦ በነጠላ ጠቅልላ መጣች።

«እንኪ ለልጆቹ፣ የኔ እህት። አምላክ ያውቃል፣ ወድጄ አይደለም የምወጣው።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ጾም ነን።»

«ልጆቹም?»

«ልጆቹም።»

«ውይ፣ አንቺስ መንኩሰሽ ሞተሻል» አለች በአድናቆት። ዳቦውንም ይዛው ሄደች። አንድ ጊዜ እምቢ ሲባል ደስ የሚለው ለጋስነት አለ፤ ሁለተኛ አይጠይቅም። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ የእናቴን ቅድስና ሲያወራ ዋለ። በር አንኳኩቶ ድስታችንን ከፍቶ ያየ ግን አልነበረም። ቅዱስ የተባለ ሰው ማብላት አያስፈልገውም፤ ይህ ለጎረቤት ትልቅ እፎይታ ነው።

ጥቅምት ላይ የእህቴ እግር ማበጥ ጀመረ። ፀጉሯ እንደ ደረቀ ሣር ቀላ። መጫወት ተወች፤ ከዚያ ማልቀስም ተወች። ማልቀስ የተወች ቀን እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ እንደ ትልቅ ሰው አነጋገረችኝ።

«እዚህ ከቆየን እህትሽ ጥምቀትን አታይም።»

«የት እንሄዳለን?»

«አክስትሽ ዘንድ። ሱሉልታ ገብስ አለ።»

«ኬላውስ?»

«ቁስቋም እስክትደርስ ጠብቂ። ለማንም እንዳትተነፍሺ።»

ያለ ፈቃድ ከተማውን ለቆ ተራራውን የተሻገረ ሰው ለሽፍታ ስንቅ አቀባይ ይባል ነበር። የሚከተለውን ሁሉም ያውቀዋል። የቁስቋም ማርያም ንግሥ ቀን ግን ኬላው ለምእመናን ይከፈታል ተብሎ ሜዳ ላይ ታውጇል። ሃይማኖታችሁን እናከብራለን አሉ። ከጥቂት ወራት በፊት መነኩሴ የረሸኑ ሰዎች ናቸው ይህን ያሉት፤ አስተርጓሚውም «ታመኑ» ከሚለው ሌላ ቃል ያገኘው ያን ቀን ነው።

በቁስቋም ጠዋት እናቴ የድፎ ዳቦ መያዣውን ትልቅ ሞሶብ አወረደች። ሰው ሁሉ የስለት ዳቦውን ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል። እኛ ዳቦ አልነበረንም። ሞሶቡ ውስጥ የአባቴን ጋቢ አጥፋ አስቀመጠች፤ ላዩ ላይ ዳዊቱን፣ ጎኑ ላይ እንዝርቷን። በላዩ ንጹሕ ነጠላ አለበሰችው። ከላይ ሲታይ ጥሩ ሆኖ ኩፍ ያለ ድፎ ነበር። እህቴን አዘለች፣ ሞሶቡን ተሸከመች፣ እኔ የቀሚሷን ጠርዝ ያዝኩ። ቤቱን አልዘጋነውም። የተዘጋ ቤት ሰው መሄዱን ይናገራል።

መንገዱ ላይ ሴቱ ነጭ ለብሶ ይጎርፋል። ጎረቤታችንም አለች፤ «የኛ መነኩሲት ዛሬስ ዳቦ ጋገረች» ብላ ተሳለቀች፤ እናቴ ፈገግ አለች። ኬላው ጋ ስንደርስ ሰልፉ ቆመ። አንድ ጣሊያን ወታደር በቅሎ አስሮ፣ ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። አጠገቡ ባርኔጣው ቆሟል። ከባርኔጣው ሥር አስተርጓሚው ነበረ።

«አሃ፣ ሱባኤዋ» አለ እናቴን ሲያይ። «ወጣሽ?»

«ወጣሁ ጌታዬ። ስለት አለብኝ።»

ሞሶቡን በበትሩ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። «ምን ያህል ነው የጋገርሽው? እስቲ ግለጪው፣ እንየው።»

«ሳይባረክ አይገለጥም። እርስዎ ያውቁት የለ» አለች እናቴ።

እርስዎ ያውቁት የለ! እንዲህ ያለ ሰው በሌላ አይታለፍም። ያውቀዋል መባሉ ከዳቦው ይልቅ ጣፈጠው። ራሱን ነቀነቀ። «እውነት ነው፣ ሳይባረክ አይገለጥም» አለና ለወታደሩ አንድ ነገር አለው፤ «ቤኔ» የሚል ቃል ሰማሁ። እጁን ለማሳለፍ ሊያነሳ ሲል እህቴ ከእናቴ ጀርባ ላይ ራሷን ቀና አደረገች።

«እማዬ፣ ጾመኝ።»

አስተርጓሚው ዞረ። «ምን አለች?»

«ጾመኝ» አለች እህቴ፣ ለእሱ። ለጠየቃት ሁሉ ትመልስ ነበር።

«ጾመኝ?» ሳቀ። «ጾመኝ አይባልም፣ አንቺ። ጾምሁ ነው፤ ወይም ራበኝ ነው።» ድጓውን ያልዘለቀ ሰው ለሕፃን ሰዋስው አቃና። ከዚያ ሆዱን እያሻሸ ለወታደሩ ነገረው። ወታደሩ እህቴን አያት። እግሯንም ያየ ይመስለኛል። ከተቀመጠበት ሣጥን ውስጥ እጁን ሰድዶ አንድ ጋሌጣ አወጣ፤ አራት ማዕዘን፣ ወፍራም፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተጠረበ። ተነስቶ በእጇ አስጨበጣት።

እህቴ ወደ አፏ አላደረገችውም። ጨበጠችውና የእናቴን ትከሻ መታ መታ አደረገች።

«እማዬ። ጾም ተፈታ?»

ጾሙ በእርግጥ ተፈትቶ ነበር። ቁስቋም ነው። ለሰው ሁሉ ተፈትቷል። የጾም ግዴታ ለሌለባት ልጅማ አንድም የሚከለክላት ነገር አልነበረም። እናቴ እሺ ብትላት ማንም አይጠረጥርም፤ እንዲያውም የተራበች ልጅ ስትበላ አይቶ ወታደሩ ደስ ብሎት ያሳልፈን ነበር። የእህቴ ነፍስ ደግሞ በዚያ ወር የተንጠለጠለችው እንደዚያ ባለ አንድ ጉርሻ ላይ ነበር። እናቴ ሞሶቡን በአንድ እጇ ደግፋ፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘረጋች። ጋሌጣውን ከእህቴ ጣቶች መሃል ቀስ አድርጋ አወጣችው። ለወታደሩ ዘረጋችለት።

«ገና ነው እናቴ» አለቻት። «ቅዳሴ አልወጣም።»

አስተርጓሚው አፉን ከፈተ። «ሕፃን እኮ ናት! ሕፃን ምን አለባት?»

«እኛ ቤት ልማዱ ነው ጌታዬ።»

ወታደሩ ጋሌጣውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፤ የተበላሸ መስሎት ይሆናል። ከዚያ ትከሻውን ነቅንቆ ለበቅሎው ሰጠው። በቅሎው በጥርሱ ሲሰብረው ድምፁ ተሰማ። እህቴ በቅሎውን ስታይ ቆየች። አላለቀሰችም፤ ማልቀስ ትታለች ብያለሁ።

አስተርጓሚው ያን ጊዜ ባርኔጣውን አወለቀ። የመጀመሪያዬ ነው ራሱን ያለ ባርኔጣ ሳይ፤ መላጣ ነበር። «ለእኔም ጸልዪልኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ወዲያው ደግሞ ራሱን አስታወሰና፣ «ስትመለሺ ድርሻዬን እንዳትረሺ» አለ።

«እሺ ጌታዬ። ስመለስ» አለች እናቴ።

አለፍን።

ያን ቀን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር አድርጋለች። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ እንደ ደረስን ተራራውን መሻገር ስንችል ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው አስቀደሰች። ሴቶች መቆሚያ ውስጥ፣ ሞሶቡን እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ እህቴን አዝላ። በመሃል የወጣ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል ልትሉ ትችላላችሁ። እኔም ብያለሁ። ግን ከንፈሯን አየሁት፤ ሙሉውን ተቀብላ ነው የቆመችው። ቅዳሴው ሲወጣ አንዲት አሮጊት መነኩሲት የተባረከ ዳቦ እየቆረሰች ታድል ነበር፤ እናቴ የደረሳትን በምራቋ አርሳ፣ በጥፍር በጥፍር እየቆረጠች፣ እህቴን አበላቻት። «አሁን ተፈታ» አለቻት። እህቴ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆና ዋጠች።

ከዚያ ከሱሉልታ የመጡ ሴቶች ወደ አገራቸው ሲመለሱ በመሃላቸው ገባን። ዳገቱን ጨርሰን፣ ባሕር ዛፉን አልፈን፣ ወዲያ ማዶ ወረድን። ማንም ወዴት ነው አላለንም። ከንግሥ የሚመለስ ሰው ወዴት ነው አይባልም።

አክስቴ እንዳየችን የገብስ ሙቅ ጣደች። በአንዴ እንዳትሰጪያት ብላ ለእህቴ ቀጭን አድርጋ በማንኪያ ሰጠቻት። የእግሯ እብጠት ቀስ በቀስ ጎደለ። ከአክስቴ ልጆች ጋር መጫወት ጀመረች፤ ቃልም ከእነሱ ለቀመች። አንድ ቀን ከውጭ ሮጣ ገብታ፣

«እማዬ፣ ራበኝ» አለች።

እናቴ እጇን ከእንዝርቷ ላይ አነሳች። «እሰይ» አለቻት። «እሰይ፣ ይራብሽ።»

ጣሊያን ወጥቶ ጉለሌ ስንመለስ አስተርጓሚው ያው ሰፈሩ ውስጥ ነበረ። ባርኔጣው ግን አልነበረም። ራሱን አዲስ ካፖርት አልብሶ የውስጥ አርበኛ አድርጎታል፤ ሥንቅ አሳልፌያለሁ፣ ሰው አሻግሬያለሁ ይላል፣ የሚሰማውም አላጣም። እናቴን መንገድ ላይ አገኛት።

«ዳቦዬን በላሽብኝ አይደል?»

«ሲታደል አለቀ ጌታዬ።»

«አውቄ ነው እኮ ያሳለፍኩሽ።»

«እንዴታ» አለች እናቴ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

 ደጃፋችን ላይ ስትደርስ፣ «አሁንም ታመኑ ነው» አለች፣ የእሱን ጉሮሮ መጥረግ ጨምራ።

አንድ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። እሷ አርጅታ፣ እኔ ማንበብ ተምሬ፣ ጾሞቹን ሁሉ ቆጥሬ ከጨረስኩ በኋላ። ጋሌጣውን ለምን መለስሽው አልኳት። በጣም ቀላል ነገር እንደጠየቅኳት ሁሉ አየችኝና፣ «ቅዳሴ አልወጣም ነበራ» አለች። ፊቷን አጠናሁት። መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ገጹን ደግሜ አነበው ነበር። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኳትም፤ አረፈች።

እህቴ ከዚያ ቀን የምታስታውሰው ጋሌጣውን ብቻ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በየድግሱ፣ በየለቅሶው ታወራዋለች። «ሁሉም ጣሊያን ክፉ አልነበረም፤ ለኔ አንዱ ኬላ ላይ ጋሌጣ ሰጥቶኛል፣ ጣዕሙ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።» ሰሚውም ራሱን ይነቀንቃል። አዎ፣ መንገድም ሠርተውልናል ይላል ሌላው። እኔ ሳህኔን አያለሁ። ሰው ፊት እህቴን ማረም አልወደድኩም፤ ሰዉን ደግሞ ማረሙ አያዋጣም።

ዓምና በጽጌ እህቴ ታመመች። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጠዋት ጠዋት ከምግብ ጋር ውሰጂ ብሏታል፤ እሷ ጾመኛ ነኝ ብላ ቅዳሴ ሳይወጣ አልቀምስም ትላለች። ሲነግሯት ትቆጣለች። አንድ ጠዋት አጥሚት ይዤላት ገባሁ። የጠያቂ ብስኩት ራስጌዋ ተቀምጧል። አንዱን አነሳችና በጣቷ አገላበጠችው።

«እንዲህ ያለው ብስኩት ምንም አይልም» አለች። «እንደዚያ ጋሌጣ የጣፈጠኝ ነገር የለም። ያ ጣሊያን፣ ነፍሱን ይማረው።»

«አልበላሽውም» አልኳት።

«ምኑን?»

«ጋሌጣውን። እማዬ ከእጅሽ ወስዳ መለሰችለት።»

አየችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። «ጾመኝ» ማለቷን፣ ሞሶቡን፣ ባርኔጣውን፣ የመነኩሲቷን ዳቦ። ሳታቋርጠኝ ሰማች፤ ይህ ልማዷ አይደለም።

«ጣዕሙ እኮ አፌ ላይ አለ» አለች በመጨረሻ።

«አፍሽ ላይ ያለው የቁስቋም ዳቦ ነው። ምስጋናውን ሌላ ሰው ደጅ ነው ስታደርሺ የኖርሽው።»

ብስኩቱን መለሰችው።

«እና ማን በላው?»

«በቅሎው።»

«በቅሎው» አለች ደግማ። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቀች ነው። «ይኸን ሁሉ ዘመን የበቅሎ ቁርስ ሳመሰግን ኖርኩ በይኛ።» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቷ ወረደ። «ለምን መለሰችው?»

«አላውቅም» አልኳት።

አጥሚቱን አስጠጋሁላት። እንፋሎቱ ይወጣል። ትንሽ አየችው።

«ዛሬ ቅዳሴ ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?»

«ወደ ዘጠኝ ሰዓት።»

«እንግዲያው ክደኚው» አለችኝ። «አይቀዝቅዝ።»